የኻልቲ ዘሃራ ሳሙና

ባለፈው የገና ሰሞን የታናሹ ልጄ ሚስት «ባዛር ልውሰድሽ» ብላ ይዛኝ ወጣች። ሰው በሰው ላይ ነው፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ እሺ ስለማይለኝ የማርፍበት ወንበር በዐይኔ እየፈለግሁ ነበር። በመሀል አንድ ሽታ መጣና አቆመኝ። የናርጂል ዘይትና ቅርንፉድ። ናርጂል ኮኮናት ማለት ነው፤ አሰብ ሳለን ሁላችንም በዐረብኛው ነበር የምንጠራው። ዞር ብዬ ባይ ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሳሙና ደርድራለች። እያንዳንዱ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። አንዱን አንሥቼ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። «በእጅ የተሠራ ነው፣ ማዘር፤ ምንም ኬሚካል የለውም» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ በእኛ ጊዜ ባለቤቴ በዚያ ብር ወር ሙሉ ያሳድረን ነበር። «ሶዳውን እንዴት ነው የምትበጠብጪው? ውኃውን ሶዳው ላይ ነው የምትጨምሪው ወይስ ሶዳውን ውኃው ላይ?» አልኳት። ልጅቷ በመገረም አየችኝ። «ሶዳውን ውኃው ላይ ነው እንጂ! በሌላው በኩል ከሆነማ ይፈነዳል። እርስዎም ይሠራሉ እንዴ?» «ድሮ» አልኩ። ሳሙናውን ወደ ቦታው መልሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። የልጄ ሚስት የደከመኝ መስሏት ክንዴን ይዛ ወንበር ፈለገችልኝ።

አሰብ የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ በተጋባን በአራተኛው ወር ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደቡ ላይ የክሬን መካኒክ ነበር። ቀድሞኝ ሄዶ ቤት ካገኘ በኋላ እኔን ከደሴ የወሰደኝ ጋሽ በላይ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የተስፋዬ አባት አገር ሰው ስለሆነ በአደራ ሰጡኝ። ጋቢና ውስጥ በሹፌሩና በረዳቱ መሀል ተቀምጬ፣ ባቲን አልፈን ቁልቁል በወረድን ቁጥር አንዳንድ ልብስ አወልቅ ጀመር፤ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ከዚያ ሹራቡን፣ ሚሌ ላይ ካልሲዬን። ጋሽ በላይ መሪውን እንደያዘ በሳቅ ፈረሰ። «ገና ነሽ፣ ልጄ! አሰብ ስትገቢ ቆዳሽንም ማውለቅ ያምርሻል» አለኝ። አልዋሸም። በማግስቱ ከመኪናው ስወርድ ያገኘኝ ነፋስ ነፋስ አይባልም፤ እርጥብ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። እናቴ ለሙሽርነቴ ያሰፋችልኝ የቴርጋል ጉርድና ባለ ሙሉ እጅ ሸሚዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥን ገባ። አሰብ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነበር የሚለብሰው። ወንዱ ከሥራ ሲመለስ የደሴውም፣ የአሥመራውም፣ የአፋሩም፣ የዐረቡም ልጅ ሽርጥ ያገለድማል። ሴቱ ስስ ድሪያ ለብሶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። በረዶ በጋሪ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ የስሙኒ በረዶ በጆንያ ጠቅልለሽ ወደ ቤት እስክትሮጪ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። ክንድ የሚያህል ዓሣ በሁለት ብር ይገዛል። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ የቴፕ ክር ብቻ ነበር የሚያጫውተው፤ ክሩ ከሙቀቱ የተነሣ ተለጥጦ የዘፋኙ ድምፅ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ዛሬም ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ፈጥኖብኝ ግራ ይገባኛል።

ቤት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አሰብ ከቢር በሚባለው ሰፈር ደባል ነው የገባነው። የቤቱ ባለቤት ዘሃራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አባቷ ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የመጣ ዓሣ አጥማጅ፣ እናቷ ከባሕሩ ማዶ ከየመን የመጣች፣ እሷ ራሷ አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች ናት። ሰፈሩ ሁሉ ኻልቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ይላታል። አንዲት ልጇ አሚና የወደቡ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሸሚዟን በሰማያዊ ጉርድ ለብሳ ስትወጣ ከኋላ አይቻት እቀና ነበር። እኔ የደሴ ልጅ፣ ትልቅ ሰው አክብሪ ተብዬ ያደግሁ፣ ኻልቲን «እርስዎ» እያልኩ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዘችና፣ «ሮማን፣ ይቺ እርስዎ የምትያት ሴት ማን ናት? እኔ ብቻዬን ነኝ እኮ» አለችኝ። አሚና እስኪያንቃት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት፤ ዛሬም ሳነሣት በአንቺ ነው።

በዚያ ዘመን ሳሙና ማግኘት ጣጣ ነበር። ከቀበሌው ሱቅ በካርድ፣ ለአንድ ቤተሰብ በወር ሁለት እንክብል ይሰጣል፤ እሱም ከመጣ ነው። ሰልፉ ላይ ቆመሽ ፀሐይ አናትሽን ሲበሳው ቆይቶ፣ ተራሽ ሲደርስ «አልቋል፣ ለሚመጣው ወር» ይሉሻል። ደርሶሽ ቤት ብትወስጂውም የአሰብ ውኃ ጨዋማ ስለሆነ አረፋ አይወጣውም፤ ውኃው ላይ እንደ ተበላሸ ወተት ይቆራረጥና ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ልብሱ ላይ ይጣበቃል። የተስፋዬ የሥራ ቱታ ግራሶ በግራሶ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሽቼው ከነጥቁረቱ አሰጣዋለሁ። እናቴ በጋሽ በላይ እጅ እንዶድ ትልክልኝ ነበር፤ ለልብስ ደህና ነው፣ ለገላ ግን አይሆንም። የመጀመሪያ ልጄ ብሩክ ሲወለድ ነው ነገሩ የባሰው። በሁለተኛው ወሩ አንገቱ ሥርና ብብቱ ቀላ፤ ከዚያ ቆዳው ይላጥ ጀመር። ሙቀቱ፣ ጨዋማው ውኃ፣ ያ ሳሙና ተጨምሮበት ልጄ ቀን ከሌት ያለቅሳል። እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። ተስፋዬ «ወደ ደሴ ልላክሽ ይሆን?» እስከማለት ደርሶ ነበር።

አንድ ማለዳ ኻልቲ ብሩክን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ወደ ጓዳዋ ገባች። ስትመለስ የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛለች። ውስጡ እንደ እብነ በረድ የነጣ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ሳሙና ነበር። ገንዳዋ ላይ ውኃ አድርጋ አንዴ አሸት ስታደርገው አረፋው እስከ ክንዷ ወጣ። በዚያ ውኃ አረፋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «የናርጂል ዘይት ነው። የባሕር ውኃም ይሸነፍለታል። መርከበኛው ባሌ ሁልጊዜ ይሄን ይዞ ነበር የሚወጣው» አለችኝ። ብሩክን በእሱ አጠበችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የልጄ አንገት ደረቀ፣ ገላው ጠራ፣ እኔም እንቅልፍ የሚባለውን ነገር አየሁ።

«አስተምሪኝ» አልኳት።

«እጅሽ ችኩል ነው፣ ቢንቲ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ሳሙና የቸኮለን አይወድም። ቢሆንም ነይ።»

የናርጂሉ ዘይት ከማዶ በሳንቡክ፣ በዚያ በሸራ በሚሄደው ጀልባ፣ በቆርቆሮ ይመጣል። ሶዳውን፣ ያን ነጭ ቅርፊት የሚመስለውን ኮስቲክ፣ ጋሽ በላይ ከአዲስ አበባ ያመጣልናል። እኛ ደግሞ ሳሙና እንሰጠዋለን፤ «ሚስቴ የአሰብ ሳሙና ካልያዝክ ቤት አትግባ ትለኛለች» እያለ ይስቅ ነበር። ኻልቲ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር አስማለችኝ። አንደኛ፣ ሶዳውን ውኃው ላይ እንጂ ውኃውን ሶዳው ላይ አላፈስም። ሁለተኛ፣ ሶዳ በተነሣበት ግቢ ሕፃን መሬት ላይ አይቀመጥም። ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ውኃው በወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሆናል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ሶዳው ይበላዋል። ሶዳውን በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያለች ስትነሰንስ ውኃው ያለ እሳት ይግላል፤ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮ ይይዛልና ነፋሱን ጀርባ ሰጥተን እንቆማለን። ሲቀዘቅዝ ዕንቁላል ትጥልበታለች። ዕንቁላሉ ተንሳፍፎ ከላይ ስሙኒ የምታህል ብቻ ከታየች ልኩ ነው። ከዚያ ዘይቱ ላይ እያፈሰስን ባንድ አቅጣጫ ብቻ እናማስላለን፤ ክንድ እስኪዝል። እንደ አጥሚት ወፈር ሲል የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ታደርግበትና የዓሣ ሣጥን እንጨት በላስቲክ ለብጠን ውስጡ እንገለብጠዋለን። በማግስቱ ጠዋት መቆረጥ አለበት፤ አንድ ቀን ካለፈው እንደ ድንጋይ ይሆናል። የምትቆርጠው በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ነበር። ክሩን በሁለት እጇ ወጥራ ስታወርደው ሳሙናው ድምፅ ሳያሰማ ይከፈላል። ከዚያ መደርደሪያ ላይ አርባ ቀን ይተኛል። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ አሸተው ነበር፤ ኻልቲ «እንደ አራስ ተይው፣ አርባው ሳይሞላ አትንኪው» ትለኛለች።

እነዚያን ወራት ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሰፋል። ከሰዓት በኋላ አሚና ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ወርውራ ታማስልልናለች። የቢሮውን ወሬ ትነግረናለች፤ የትኛው መርከብ ስንት ቀን እንደቆመ፣ የትኛው አለቃ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው። ኻልቲ በዐረብኛ ታንጎራጉራለች፣ እኔ የወሎውን እመልስላታለሁ፣ ብሩክ ከኻልቲ ጀርባ ላይ በሻሽ ታዝሎ ይወዛወዛል። ስሙን «መብሩክ» ብላ ነበር የምትጠራው፤ የእኔ ልጅ ከመሆኑ በፊት የእሷ የሆነ ያህል ነበር። ሰፈሩም ለመደን። አንዷ ዓሣ ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ጋዝ፣ አንዷ በረዶ፤ ሳሙና ይዛ ትሄዳለች። ሠርግ ያላት ልጅ ካለች ኻልቲ ቅርንፉዱን ታበዛላት ነበር።

ብሩክ መዳህ በጀመረበት ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት አሚና ሥራ ሄዳ፣ ተስፋዬም ወደብ ወርዶ፣ ኻልቲ ጎረቤት የወለደች ሴት ልትጠይቅ ወጣች። «ስመለስ እንጀምራለን» ብላኝ ነበር የሄደችው። ጋሽ በላይ በዋዜማው ሶዳ አምጥቶልን ነበር። እኔ ምን ነካኝ? ብቻዬን እንደምችል ላሳያት ፈለግሁ። ስትመለስ ሶዳው ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ዕንቁላሉ ተንሳፍፎ ስታይ «ጎበዝ» እንድትለኝ ነው። ብሩክ አልተኛ ስላለኝ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩትና ማንኪያ ሰጠሁት። ቧንቧው በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ ያን ቀን አርፍዷል። ውኃው እስኪመጣ ብዬ ሶዳውን ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩና መጠበቅ ጀመርኩ። ከዚያ ቧንቧው ሲያጉረመርም ሰማሁ። ሮጬ ቀዳሁ። የአሰብ ቧንቧ ፀሐይ ላይ ስለሚውል ውኃው ሲወጣም ትኩስ ነው። አንዱን ትልቅ ጣሳ ሙሉ፣ አላሰብኩም፣ ሶዳው ላይ ቸለስኩት።

ባልዲው ጮኸ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ጮኸ። እየተንተከተከ ወደ ላይ ተነሣና ይረጭ ጀመር። እኔ በድንጋጤ ወደ ኋላ ስፈናጠር ብሩክ ማንኪያውን ጥሎ ወደ ባልዲው እየዳኸ ነው። ኻልቲ በዚያች ቅጽበት ነው በሩን የከፈተችው። ዕድሜዋ ስልሳ ሊሞላ ነው፤ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በእኔና በባልዲው መሀል አልፋ ልጁ ላይ ተደፋች፤ በጀርባዋ ከለለችው፤ ብድግ አድርጋ ወደ እኔ ስትዞር ባልዲው ሁለተኛ ተንተክትኮ ተረጨ። ቀኝ ፊቷን ነው ያገኛት። «ሕፃኑን! ሕፃኑን ያዢው!» አለችኝ። ልጁን ተቀበልኩ። ከዚያ ነው ፊቷን የያዘችው። በዚያ በመጣው ውኃ ቧንቧ ሥር አስገብቼ አጠብኳት፤ አጠብኳት፤ ጎረቤት በጩኸቴ ተሰበሰበ። ብሩክ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም።

ክሊኒክ ስንደርስ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር «እንዴት ነው የሆነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ልጄን ታቅፌ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። ኻልቲ አልጋው ላይ እንደተኛች፣ «እኔ ነኝ። ውኃውን ሶዳው ላይ አፈሰስኩት። እርጅና ነው» አለች። ድሬሰሩ ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አሚና ከቢሮዋ እየሮጠች ደረሰች፤ ያ ነጭ ሸሚዟ በላብ ተጣብቆባታል። «እማ! ሠላሳ ዓመት የሠራሽውን ሥራ! እንዴት እንዲህ ትሳሳቻለሽ?» እያለች አለቀሰች። ኻልቲ «መክቱብ ነው፣ ልጄ፤ የተጻፈ ነው» ብቻ አለቻት። አሚና ወደ እኔ ዞረች። የቀኝ እጄ አንጓ በተረጨው ሶዳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ቆስሎ ነበር፤ አላወቅሁትም። «አንቺስ? እጅሽን ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ስጎትታት ነው» አልኩ። ፋሻ ተቀብላ ራሷ ጠቀለለችልኝ።

ለተስፋዬ ማታውኑ ነገርኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አሁን ብትናገሪ ዐይኗን አትመልሺላት። ደባል ነን፤ ከዚህ ካስወጡን የት እንገባለን?» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም የእሱ ፍርሃት ተመቸኝ፤ ከኋላው ተደበቅሁ።

የአሚና አለቃ ቦታ አስያዘላቸውና አሚና ኻልቲን አዲስ አበባ ለዐይን ሐኪም በአውሮፕላን ወሰደቻት። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ ሸኘኋቸው። የተመለሱት ከወር በላይ ቆይተው ነው። ከደረጃው ስትወርድ ቀኝ ዐይኗ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ በግራው እየፈለገች መጣችና ብሩክን ከእጄ ነጠቀችኝ። አንገቱን፣ ጆሮውን፣ እግሩን አንድ በአንድ አየች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ስለ ዐይኗ የነገረችን ነገር ቢኖር «አንዱ ይበቃኛል፤ አሰብ ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚል ቀልድ ብቻ ነው። ያ ዐይን ከዚያ በኋላ አላየም።

ሳሙናውን ግን አልተወችውም። ባንድ ዐይን ርቀቱን መለካት ስላልቻለች የማፈሰው እኔ ሆንኩ። ከጎኔ ትቆምና አንጓዬን፣ ያን ጠባሳ ያለበትን ቦታ ይዛ፣ «ቀስ... ቀስ... አሁን አቁሚ» ትለኛለች። ስድስት ዓመት ያህል እንደዚያ ሠራን። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ! አንድ የዒድ ማግስት፣ ሳሙና እየቆረጥን ሳለ፣ ክሩን እንደወጠረች ቀና አለችና፣ «ሮማን፣ ልብሽ ላይ ያለ ነገር አለ?» አለችኝ። «እናቴ ናፍቃኝ ነው» አልኳት። በዚያች በቀረችው ዐይኗ ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለች። መቁረጧን ቀጠለች።

መንግሥት ሲለወጥ እንደኛ ከመሀል አገር የመጣው ሰው ሁሉ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። እኛም አሰርን። ጋሽ በላይ ባዶ መኪናውን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ እሱም ሸምግሎ ነበር። ኻልቲ ብሩክን፣ ያኔ ሰባት ዓመቱን የያዘ ልጅ ነው፣ አቅፋ አልለቅም አለች። እኔን ወደ ጓዳ አስገባችኝና ሁለታችን ብቻችንን ቆምን። ጊዜ ነበረኝ። የመኪናው ጥሩንባ አላቋረጠኝም፣ ሰውም አልገባብንም። ራሴ ነኝ ያልተናገርኩት። እግሯን ለመሳም ጎንበስ ስል አነሣችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። ወጣሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አሚናና እሷ ተቃቅፈው አየኋቸው፤ ከዚያ አቧራው ዋጣቸው።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የሆነው ሆነ። መንገዱም፣ ፖስታውም፣ ስልኩም ተዘጋ። አዲስ አበባ ገብተን ተስፋዬ ጋራዥ ተቀጠረ፤ እኔ ልጆች አሳደግሁ፤ በኋላም ባለቤቴን ቀበርኩ። ከአሰብ የመጣን ሰዎች በዓመት አንዴ እንሰበሰባለን። አንዱ ስለ ሙቀቱ ይጀምራል፤ ወዲያው ሁሉም ያወራል፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ በረዶው፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሣው ነፋስ። ያን ጊዜ የረገምነውን ሙቀት እንደ ዘመድ ስም እያነሣን እንናፍቀዋለን። ስለ ሳሙናው ሲነሣ ግን እኔ ወጥቼ በረንዳ ላይ እቆም ነበር።

ስልክ የተከፈተ ዕለት አገር ምድሩ ሲደዋወል ዋለ። ከእኛው ስብስብ አንዱ ከስንት ሰው ጠያይቆ የአሚናን ቁጥር አምጥቶ ሰጠኝ። ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ተቀምጬ ደወልኩ።

«ሀሎ፣ ማን ልበል?» ድምፁ ጎርነን ብሏል፤ እሷ ግን ናት።

«አሚና፣ ሮማን ነኝ።»

መጀመሪያ ስሜን ደገመችው። ከዚያ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሁለታችንም ተንሰቀሰቅን። ኻልቲን ስጠይቃት ከሦስት ዓመት በፊት እንዳረፈች ነገረችኝ፤ በእንቅልፏ፣ ሳትሰቃይ። እንደገና አለቀስን። ሲበርድልን፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

«አሚና፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ስልኩን ዝጊው። ያን ቀን ውኃውን ሶዳው ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ልጁንም መሬት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ስትዋሽልኝ ቆሜ ሰማሁ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ያኑ ቀን ነው ያወቅሁት፣ ሮሚ። እጅሽን የጠቀለልኩልሽ እኔ አይደለሁ? ሰው የሚጎትት እጁ እንደዚያ አይረጭበትም። ማታውን እማን ጠየቅኋት። ‹ዝም በይ፤ ራሷ ስትነግረኝ እሰማለሁ› አለችኝ። እኔ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠልቼሽ ነበር። ፊቴ ላይ አላሳይሽም እንጂ።»

አንጓዬ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቴ ዳበስኩት።

«ከሄዳችሁ በኋላ እማን አንድ ቀን፣ ‹ቂም ይዘሽ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሻት?› አልኳት። ተቆጣችኝ። ‹የምን ቂም? እኔ ዐይኔን ለልጁ ነው የሰጠሁት፤ ዛሬም ቢሆን እሰጣለሁ። የምታሳዝነኝ እሷ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ይቀላት ነበር፤ እኔ ጎትቼ ላወጣላት አልችልም› አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ስምሽን በክፉ አላነሣችም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ብሩክ በሩን ከፍቶ ገባ። የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው ነው። ዕንባዬን ሲያይ ደነገጠ። «ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?» አለኝ። ለዚህ ልጅ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም ነበር። የሚያውቃት ኻልቲ አንድ ዐይን ያላት፣ የምትወደው አሮጊት ናት፤ ዐይኗ ስለምን እንደጠፋ ሲጠይቅ «ታማ ነው» ነበር መልሴ።

«ቁጭ በል» አልኩት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «አሚና፣ ብሩክ መጥቷል። ልነግረው ነው፤ አብረሽኝ ሁኚ» አልኳት። ከቧንቧው ጀምሬ እስከ ኻልቲ ማረፍ ድረስ ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም፤ የሰጠሁትን ማንኪያ እንኳን ነገርኩት። ክሊኒኩ ጋ ስደርስ አሚና ከወዲያ ማዶ ቀጠለችልኝ። ስጨርስ የልጄን ፊት ላየው ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ እጁ መጣና እጄን ያዘኝ፤ በሌላው ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው።

«እትዬ አሚና» አላት፣ «መቃብራቸው የት ነው?»

«ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ ከቤታችን በእግር ይደረሳል» አለችው። «ስትመጣ እኔ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ።»